ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ ወላጆቻችን ሲዘባርቁ፦ ቀድሞ መከላከል የሚቻለው

«ኦፕራሲዮኑ ሰላም ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን እማዬ ልጆቿን መለየት አቃታት፤ ግድግዳው ላይ ሰዎች ቆመዋል ትላለች፤ የተሰካላትን ሁሉ ካልነቀልኩ ብላ ታገለች።» አሜሪካ ውስጥ ወላጁን የልብ ቀዶ ጥገና ያስደረገ የሐበሻ ቤተሰብ እንዲህ ሲል መስማት እንግዳ አይደለም። ከዘመዱ አንዱ «ጃጀች» ይላል፣ ሌላው ማደንዘዣውን ይረግማል፣ ሦስተኛው ጸበል ያስባል። ሐኪሞቹ ዲሊሪየም ይሉታል። ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ቢለያይም፣ የልብ ቀዶ ጥገና ካደረጉ አረጋውያን ከአራቱ አንዱን ገደማ ያገኛል።

መጃጀት በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነው። ዲሊሪየም ግን በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ ጠዋት ደህና ያወሩ ሰው ማታ ይቃዣሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ይሻላቸዋል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይጀምርና በቀናት ውስጥ ይለቃል። አንዳንዱ ላይ ግን ሳምንታት ይቆያል፣ የማስታወስ ችሎታንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «ያልፋል» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። የሚጮኸውንና የሚታገለውን ማንም ያየዋል፤ የሚያመልጠው ዝም ያለው ነው። እናታችሁ ቀኑን ሙሉ ካንቀላፉ፣ ሲጠሩ ዘግይተው ከመለሱና ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ይዘው ከቀሩ «እፎይ፣ ዕረፍት አገኘች» አትበሉ፤ ነርሷን ጥሩ።

መከላከሉ የሚጀምረው ከቀጠሮው በፊት ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውን ባህላዊ መድኃኒት ጨምሮ፣ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ለእንቅልፍ የሚወስዱት ቤናድሪል (የአለርጂ መድኃኒት ነው) ካለ በተለይ ተናገሩ፤ አእምሮ ለትኩረትና ለትውስታ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ያግዳል፤ የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበርም ለአረጋውያን አይሁን ከሚላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ማረጋጊያዎቹ ቫሊየምና ሎራዜፓምም ማኅበሩ አይሁኑ ከሚላቸው ናቸው፤ እነዚህን የለመደ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ በድንገት ማቆም የለበትም። አባታችሁ ማታ ማታ አረቄ የሚቀምሱ ከሆነ መጠኑን ሳታፍሩ ንገሩ። መጠጥ የለመደ አካል በድንገት ሲከለከል ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ የሚመጣው መቃዠት ለሕይወት ያሰጋል፤ ቀኑም በትክክል ዲሊሪየም ከሚጠበቅበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በሁዳዴ ወይም በረመዳን የተዳከመና ውኃ ያጠረው አካልም አደጋው ይብስበታል። የንስሐ አባትን ወይም ሼኩን አስቀድሞ ማማከር ከሆስፒታል አልጋ አጠገብ ከመከራከር ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ የሆስፒታሉ መመዘኛ የተሠራው ለእናንተ እናት አይደለም። ነርሷ በፈረንጆቹ ጥቅምት 20፣ 2025 ከጠዋቱ 9 ሰዓት ላይ ገብታ «ዓመቱ ስንት ነው? አሁንስ ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እናት «2018 ነው፤ ሦስት ሰዓት» ይላሉ። መልሱ ሁለቱም ልክ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን «ግራ ተጋብተዋል» ተብሎ ይሰፍራል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ደግሞ ትኩረትን ለመለካት አሥር የእንግሊዝኛ ፊደላት ይነበባሉ፤ «ኤ» የሚለውን ሲሰሙ እጅ መጨበጥ ነው። ከሁለት በላይ ስሕተት ከመጣ ትኩረታቸው ተዛብቷል ይባላል። ኤቢሲዲ ላልቆጠሩ ሰው ይህ የቋንቋ ፈተና ነው። በአስተርጓሚ እንዲደረግ ወይም በፊደል ፋንታ ሥዕል እንዲጠቀሙ ጠይቁ። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፦ «እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ነው» ተብሎ እውነተኛው መዘባረቅ ይታለፋል። ይኼኛው የባሰ ነው።

መፍትሔው በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ አልጋው አጠገብ ይለጠፍ። የኢትዮጵያ ዘመን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደሚያንስ፣ ሰዓታችን በስድስት እንደሚለይ፣ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ፣ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰሙ፣ ቤት ውስጥ ማን ተብለው እንደሚጠሩ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ትውስታቸው እንዴት እንደነበር ይጻፍበት። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል ሆስፒታል ሙያዊ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። በታብሌት የሚመጣው አስተርጓሚ ለጤነኛ ሰው ይበቃል፤ ለሚቃዥ ሰው ግን ከስክሪን የሚወጣ ድምፅ ሌላ ግራ መጋባት ሊሆን ስለሚችል በአካል የሚመጣ ካለ እሱን ጠይቁ።

የመተንፈሻ ቱቦው እንደወጣ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይመለሱ። ኮሮጆ ውስጥ ተቀምጠው የሚቀሩት እነዚህ ናቸው። ሐኪሙ ከፈቀደ በማግስቱ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ከዚያም በየቀኑ ደጋግሞ መራመድ ይቀጥላል። ስታነሷቸው ግን እጃቸውን ወይም ብብታቸውን ይዞ መጎተት የለም፤ የደረት አጥንታቸው ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ነው። ትራስ አቅፈው፣ በእግራቸው ኃይል ይነሡ። የሽንት ቱቦውን በየቀኑ «ዛሬስ አይወጣም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለኢንፌክሽን መግቢያ ነው፣ አልጋ ላይም ያስራል። ሆድ ድርቀትም ብቻውን ሰውን ያቃዣል።

ሕመምን ችሎ ዝም ማለት በእኛ ሽማግሌዎች ዘንድ ጨዋነት ነው። ያልታከመ ሕመም ግን ዲሊሪየም ያመጣል፤ ብዙ ሞርፊንም እንዲሁ። በ2019 የወጣ፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 120 የልብ ቀዶ ጥገና ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ በየስድስት ሰዓቱ ለ48 ሰዓት በደም ሥር አሴታሚኖፌን (የታይሌኖል መድኃኒት) ከተሰጣቸው ዲሊሪየም የያዛቸው 10 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 28 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ቀዶ ሐኪሙን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ቀን መጋረጃው ይከፈት፤ ማታ መብራቱና ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣቸው። የሌሊት የደም ግፊት ልኬቱና መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ፣ የሌሊት አሥር ሰዓት (በፈረንጆቹ 4 ሰዓት) ደም መቅዳቱ ወደ ጠዋት መሸጋገር ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ጠያቂ ላይ ጨከን በሉ። ሰው ካልመጣ ቅር የሚል ዘመድ ቢኖርም በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አይግባ። ተረኛው ግን በድምፁ የሚታወቅ ሰው ይሁን። መርዶም ሆነ የአገር ቤት ወሬ ይቆይ። በ1999 ታትሞ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ለአረጋውያን እንቅልፍን፣ እንቅስቃሴን፣ ዓይንና ጆሮን፣ ፈሳሽንና ማነጋገርን ብቻ በመከታተል የዲሊሪየምን መከሰት ከ15 ወደ 9.9 በመቶ ዝቅ አድርጓል። የልብ ቀዶ ጥገና ታካሚዎች አልነበሩም፤ ነገሮቹ ግን እነዚሁ ናቸው።

መዘባረቁ ከጀመራቸው አትከራከሩ፣ አትፈትኗቸውም። «ማን ነኝ? ንገሪኝ እስቲ» ማለት ያስጨንቃቸዋል። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሆስፒታል ነሽ። ልብሽ ታክሟል» ይበቃል፤ ከዚያ ዝም ብሎ እጅ መያዝ። ሐኪሙን ደግሞ ምክንያቱን እንዲፈልግ ጠይቁት፦ ኦክስጅን፣ ኢንፌክሽን፣ የታመቀ ሽንት፣ የደም ሶዲየም፣ ትናንት የተጨመረ መድኃኒት። የተሰካውን እንዳይነቅሉ ተብሎ እጅ ማሰር መቃዠቱን ያባብሳል፤ እናንተ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ማስቀረት የሚቻል ከሆነ ጠይቁ። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከሰነፈ ወይም ንግግር በድንገት ከተያዘ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ደቂቃ ጩኹ።

ቤት ስትገቡ የመድኃኒት መደርደሪያውን ፈትሹ። ታይሌኖል ፒ.ኤም. እና አድቪል ፒ.ኤም. ውስጥ የቤናድሪሉ መድኃኒት አለበት፤ አድቪሉ ደግሞ ራሱ ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ አይመከርም። ተኝተው ካላደሩ ከዚያ መደርደሪያ አንሥቶ ከመስጠት ለቀዶ ሐኪሙ ቢሮ መደወል ይቀድማል።