አንድ እባብ ይበቃል

ታፔላ ቤት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ወጣት መጣና ለአጎቱ ክሊኒክ ላይት ቦክስ አዘዘ። 3 ሜትር በ1 ሜትር። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ሰዓት። «ከጎኑ ደግሞ ያቺን የሐኪም እባብ አድርግበት» አለኝ። ቀብዱን ከፍሎ ሄደ።

ያቺን የሐኪም እባብ። ምን ይከብዳል?

ጎግል ላይ ስፈልግ ሁለት ዓይነት መጣልኝ። አንደኛው ተራ በትር ነው፤ አንዲት እባብ ተጠምጥማበታለች። ሌላኛው ቀጥ ያለ የሚያምር ዘንግ ነው። ሁለት እባቦች ተጠላልፈውበት ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከላይ ክንፍ ተዘርግቷል። የቱን እንደመረጥኩ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ክንፋሙ ያምራል። በዚያ ላይ ግራና ቀኙ አንድ ነው። ለእኛ ሥራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ግማሹን ትስላለህ፣ ገልብጠህ ትገጥመዋለህ፣ አለቀ። አንዷ እባብ ግን ከራሷ እስከ ጅራቷ መሳል አለባት። ማን ይለፋል?

ወርቃማ አክሪሊክ ቆርጠን ሐሙስ ማታ ሰቀልነው። መብራቱ ሲበራ በኩራት ፎቶ አነሳሁት።

አርብ ጠዋት ሻይዬን ሳልጨርስ ስልክ ተደወለ። ሐኪሙ ራሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ እስቲ ብቅ በል» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ስደርስ ከአስፋልቱ ማዶ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ታፔላውን ያያሉ።

«የማን ነው ይሄ?»

«የእርስዎ ነዋ ዶክተር።»

«ምልክቱን ነው የምልህ።»

«የሕክምና ነው።»

«አይደለም። የሄርሜስ ነው። የግሪኮች የነጋዴ አምላክ። የሌባም ጭምር።»

እዚያው አስፋልት ዳር ሆነው ነገሩኝ። ሄርሜስ በተወለደበት ቀን ማታውን ወጥቶ የሌላውን አምላክ የአፖሎን ከብቶች ሰረቀ። ዱካ እንዳይገኝበት የኋሊት እያስኬደ ነዳቸው። ሲያዝ ከኤሊ ቅርፊት የሠራውን ክራር ለአፖሎ ሰጥቶ ታረቀ፤ አፖሎም በበኩሉ የወርቅ ዘንግ ሰጠው። እባቦቹ የመጡት በሌላ ቀን ነው። ሁለት እባቦች ሲጣሉ አየና ዘንጉን መሃላቸው ቢሰነቅር ተጠምጥመውበት ቀሩ። ስለዚህ ዘንጉ የእርቅ ነው፣ የመልእክተኛ ነው፣ የገበያ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ የልስጥራን ሰዎች ጳውሎስን ሄርሜስ ነው ያሉት እኮ ተናጋሪው እሱ ስለነበረ ነው። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሄርሜስ ማን ነው ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ሌላም ሥራ አለው» አሉ ዶክተር። «የሞተ ሰው ነፍስ ወደ ሲኦል የሚሸኘው እሱ ነው። በሽተኛዬን በር ላይ እሱ ይቀበልልኝ ብለህ ነው የሰቀልክልኝ?»

ዘበኛው ሳቀ። እኔ የአክሪሊኩን ዋጋ እያሰብኩ ነበር።

«እኔ ደግሞ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ መስሎኝ» አለ ዘበኛው።

«እሱ የኦሪት ነው፣ ታሪኩ ሌላ ነው» አሉት። «ግን ልብ በል፣ እሱም አንድ እባብ ነው።»

ወደ ቢሮ ገባን። ቡና አዘዙልኝ። የራሳቸው የሐኪሞቹ አምላክ አስክሌፒዮስ ነው አሉ፤ ባለ አንድ እባቡ በትር የእሱ ነው። የአፖሎ ልጅ ነው። እናቱ ኮሮኒስ ተገድላ ሬሳዋ ሊቃጠል እንጨት ላይ ሳለ አባቱ ከሆዷ አወጣው። ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፈረስ የሆነው ኬይሮን አሳደገው፤ ሕክምናንም አስተማረው። ተማሪው ከመጠን በላይ ጎበዝ ሆነና የሞተ ሰው አስነሳ። የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ይሄን አልወደደም። በመብረቅ መትቶ ገደለው።

«እባቧስ?» አልኩ። ቡናው ቀለል አድርጎኝ መሰለኝ፣ ታሪኩ ጥሞኛል።

ዶክተር ለስብሰባ አቴንስ በሄዱ ጊዜ ኤፒዳውሮስን አይተዋል። የአስክሌፒዮስ ትልቁ መቅደስ የነበረው እዚያ ነው። ድሮ በሽተኞች መጥተው መቅደሱ ግቢ ውስጥ ያድሩ ነበር። አምላኩ በሕልማቸው እንዲመጣላቸው ነው። መርዝ የሌላቸው እባቦችም እዚያው ይኖሩ ነበር፤ የአምላኩ ናቸውና የሚነካቸው አልነበረም። እባብ ቆዳውን ገፍፎ እንደ አዲስ ስለሚወጣ የመታደስ ምልክት አድርገውታል። የዳኑት ሰዎች ታሪክ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ቆሟል። የእግሩ ጣት ክፉኛ የቆሰለ አንድ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ሳለ እባብ ወጥቶ ቁስሉን በምላሱ ላሰለት፤ ሲነቃ ድኗል። ይሄን ሲነግሩኝ ሳላስበው እግሬን ወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ።

በኋላ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል በ1902 እ.ኤ.አ. የሄርሜስን ዘንግ ደንብ ልብሱ ላይ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ነው ክንፋሙ በየክሊኒኩና በየመድኃኒት ማሸጊያው የተዛመተው። የዓለም ጤና ድርጅት ዓርማ ላይ ግን ያለችው አንዷ ናት። አምቡላንስ ላይ የምናያት ሰማያዊ ኮከብ መሃል ያለችውም አንዷ ናት። ስንት ጊዜ አምቡላንስ አይቻለሁ፤ እባብ መቁጠር ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አርብ ዕለት ግን ይሄን አላውቅም፤ የመጣልኝ መላ አንድ ብቻ ነበር። «ዶክተር፣ ክንፉንና አንዱን እባብ ብነቅለውስ?»

«ሞክር» አሉኝ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

መሰላል ላይ ወጣሁ። ክንፉ በቀላሉ ተነቀለ። አንዱን እባብ ሳነሳ ግን ጉዱ ታየ። ሁለቱ የተሳሉት አንዱ ባንዱ ላይ እያለፉ ነው። የቀረው እባብ ሌላኛው ባለፈበት ቦታ ሁሉ ተቆርጧል። እዚያ ላይ የቀረው እባብ ሳይሆን የተከተፈ ቋሊማ ነው። ዘበኛው ከታች ሆኖ «ይሄስ የማን ነው?» አለኝ።

አውርጄ ይዤው ሄድኩ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ በእጄ ሳልኩ። ዘንድሮም የምሠራው እንዲሁ ነው፤ ከመቁረጤ በፊት ወረቀት ላይ አትሜ ባለቤቱን አሳያለሁ፣ ይፈርማል። በተላላኪ አልቀበልም። የመጀመሪያው ንድፍ ተመለሰ። «በትሩ ከዛፍ የተቆረጠ ነው፣ ጉጥ ይኑረው» ተባልኩ። ጉጥ ጨመርኩ።

ንድፉን ይዤ ስመለስ የክሊኒኩ ሲስተር አየችው። ጋምቤላ ሠርታለች። «እኔን የጊኒ ዎርም ነው የሚያስታውሰኝ» አለች። ከኩሬ ውኃ ጋር የሚገባ ትል ነው። ሰውነት ውስጥ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ በእግር በኩል ቆዳ በስቶ ይወጣል። እስከ አንድ ሜትር ይረዝማል። መድኃኒት የለውም። ጫፉን ይዘህ ትንሽ እንጨት ላይ ትጠመጥማለህ፤ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ። ከጎተትከው ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ መዘዙ ሌላ ነው። ሳምንታት ይፈጃል። በጣቷ አየር ላይ እየጠመጠመች አሳየችኝ፤ ቀስ፣ ቀስ። የሐኪሞች ምልክት ከዚህ ትል የመጣ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ዶክተር አልተዋጠላቸውም። እኔ ግን የሲስተሯን ጣት ካየሁ በኋላ የጥምጥሙን ክፍተት አሰፋሁት።

አዲሷ እባብ ተሰቀለች። ዶክተር እንደገና ማዶ ቆመው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገቡ። ይኼው ነው፣ ሌላ ነገር አላሉም።

የአክሪሊኩን ግማሽ አለቃዬ ከደሞዜ ቆረጠ። ፍርፋሪው ግን እንዲጣል አልፈለገም። ታሪኩን ስነግረው «የነጋዴ ነው አልክ?» አለና ሁለተኛውን እባብ እንደገና አስቆርጦ፣ ክንፉን አስገጥሞ፣ ከሒሳብ መቀበያው ጠረጴዛ በላይ ሰቀለው። «የሌባም ነው እኮ» አልኩት። አልሰማኝም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የታፔላ ቤታችን በር ላይ ቆመው ወደ ላይ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ደም ግፊት በስንት ነው የምትለኩት?»