የሎሚና የእንጨት ሽቶ ለዘወትር፦ ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት

ሽቶ ቤት ገብታችሁ አንዱን ብልቃጥ ስታሸቱ መጀመሪያ አፍንጫ ላይ የሚደርሰው ሎሚው ነው። ደስ ይላል፣ ንጹሕ ነው፣ ያነቃል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣውም እዚያው ቆሞ፣ ሎሚውን አሽቶ ነው። ያ ሽታ ግን ገላ ላይ ዕድሜው ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ ይዛችሁት የምትውሉት ከሥሩ ያለውን የእንጨት ሽታ ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሽቶ ሲገዛ መመረጥ ያለበት በእንጨቱ ነው። ዋጋው ዝቅ ሲል ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ርካሽ ሽቶ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጓደለው ይኸው የኋለኛው ክፍል ነውና።

ሎሚው ለምን ቶሎ ይጠፋል? የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ፣ የሎሚውም አብዛኛው ክፍል፣ ሊሞኒን የሚባል ቀላልና ቶሎ የሚተን ንጥረ ነገር ነው። ብርቱካን ስትልጡ ከልጣጩ ፊጭ ብሎ ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። የእንጨት ዘይቶች ግን ከባድና ወፍራም ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚለቁት። ጥሩ ሽቶ ውስጥ እንጨቱ ገና ከመጀመሪያው ከሎሚው ሥር ይሸታል። ደካማው ላይ ሎሚው ብቻውን ይጮህና ሳህን ማጠቢያ ሳሙና ወይም ከረሜላ ይመስላል፣ ከዚያ ባዶ ይሆናል።

የእንጨቱን ሽታ ለመለየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሴዳር የሚባለው እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ነው። በገበያ የቨርጂኒያ ሴዳር ተብሎ የሚሸጠው ዘይት የሚወጣበት ዛፍ ከእኛው የሐበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው፤ በወፍ ዋሻ ጫካ አጠገብ ያደገ ሰው፣ አዲስ የተጠረበ ጥድ የሸተተው ሁሉ፣ ያውቀዋል። ቬቲቨር ደግሞ እርከን ላይ አፈር እንዲይዝ የሚተከለው ሣር ነው፤ ለሽቶ የሚሆነው ሥሩ ነው። ሽታው እርጥብ አፈርና ትንሽ ጭስ ያለበት ነው፣ በወይራ የታጠነ ጋን ውስጡን እንደማሽተት። ሰንደል ለስላሳና ወተት ወተት የሚል ነው፤ እውነተኛው ዘይት ውድ ስለሆነ በርካሽ ሽቶ ውስጥ ያለው በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው፤ ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። የዚህን ቤተሰብ ሽታ በጥሩ አሠራሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሽቶ ቀማሚው ዣን ክሎድ ኤሌና እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራውን ቴር ዴርሜስ የሚባል ሽቶ አንድ ጊዜ ያሽትት። ብርቱካን፣ ቬቲቨርና ሴዳር እንዴት እንደሚያያዙ እዚያ ላይ ግልጽ ነው። ውድ ስለሆነ ለመግዛት ሳይሆን መለኪያ አድርጎ ለመያዝ ነው።

ሙከራው ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ርጩና አልኮሉ እስኪበር 30 ሴኮንድ ያህል ጠብቁ። በአንድ ቀን ከሦስት ዓይነት በላይ አትሞክሩ፣ አፍንጫ ይደክማል። ሻጮች በመሀል የሚያሸትቱት ቡና ሌላ ኃይለኛ ሽታ ከመጨመር በቀር አይጠቅምም፤ የራሳችሁን ክንድ ማሽተት ይሻላል። የወደዳችሁትን አንዱን አንጓችሁ ላይ ርጩ፣ አትሹት። ስታሹት ገላው ይሞቅና ሎሚው ይበልጥ ይፈጥናል። ከዚያ ሳትገዙ ውጡ። ከ15 ደቂቃ፣ ከ1 ሰዓትና ከ4 ሰዓት በኋላ አሽቱት። በ4ኛው ሰዓት እንጨቱ ለስላሳና ደረቅ ሆኖ ካገኛችሁት ግዙ። የብረት ሽታ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም አፍንጫ የሚወጋ ነገር ከቀረ ተዉት፤ ዘወትር የሚረጭ ነገር በየቀኑ እሱኑ ያሸታችኋል።

ዋጋውን በብልቃጡ አትዩት፣ በሚሊ ሊትር አካፍሉት። አንድ ርጭት በግምት 0.1 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ስለዚህ 100 ሚሊ ሊትር ወደ 1,000 ርጭት ይሆናል፤ በቀን 3 ብትረጩ 11 ወር ገደማ ይቆያል። ካርቶኑ ላይ ኦ ደ ኮሎኝ የሚል ከሆነ በአልኮሉ ውስጥ ያለው የሽቶ ዘይት መጠን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፉም ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ኮሎኝ ቀን ቀን እየተደጋገመ 6 ርጭት ከጠየቀ፣ 3 የሚበቃው ፓርፉም እጥፍ ዋጋ ቢኖረውም ወጪው እኩል ነው። በእኔ አስተያየት ለዘወትር የሚበጀው እንጨቱ ጠንካራ የሆነ ኦ ደ ቷሌት ነው፤ ቢሮና ታክሲ ውስጥ ሰው አያስጨንቅም።

ፎርጂድ ብዙ አለ። ካርቶኑ ላይና የብልቃጡ ሥር ያለው የባች ቁጥር (የምርት ዙሩ መለያ) ይመሳሰል እንደሆነ እዩ። መርጫው እንደ ጉም ሳይሆን በጠብታ የሚተፋ ከሆነ ተጠራጠሩ። ከአንድ ደቂቃ በኋላም አልኮሉ የሚያስነጥስ ከሆነ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

አሁን ወደ አገራችን አየር እንምጣ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። በብርድ ሽታ አይነሳም፤ ሞቅ ያለ ሱቅ ውስጥ የፈነዳው ሽቶ ጠዋት መንገድ ላይ የሌለ ይመስላል። ነፋሱና ደረቁ አየር ደግሞ ገላን ስለሚያደርቁት ሽቶው የሚይዘው ነገር ያጣል። መፍትሔው ርጭት መጨመር አይደለም። ከታጠባችሁ በኋላ ገላው ገና እርጥበት እያለው የሩዝ ፍሬ የምታህል ሽታ የሌለው ቫዝሊን አንገት ሥርና ደረት ላይ ቀቡ፣ ከዚያ በላዩ 3 ርጭት፣ ከዚያ ልብስ። ጋቢው ወይም ሹራቡ ሙቀቱን ይይዛል፤ ስትንቀሳቀሱ ቀስ እያለ በአንገት በኩል ይወጣል።

በዚያው ልክ ተረጭቶ ወደ ቆላ መውረድ ግን ችግር ያመጣል። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲናን ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጠዋት የተኛው ሽታ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። በሞላ ሚኒባስ ውስጥ ይህ ለጎረቤት ራስ ምታት ነው። ቆላ የምትወርዱ ከሆነ 1 ርጭት ደረት ላይ ይበቃል፤ ሎሚውን ከፈለጋችሁት በ5 ሚሊ ሊትር ትንሽ መርጫ ይዛችሁ ስትደርሱ ጨምሩ። ቅዳሴ ለምትሄዱም ያው ነው፤ ሰዉ ተጠጋግቶ ይቆማል፣ ዕጣኑም አለ።

ልብስ ላይ ሽቶ ከገላ ይልቅ ይቆያል፣ በተለይ ሱፍ ላይ። በርኖስ ላይ የተረጨ ቬቲቨር በሦስተኛውም ቀን ይሸታል፤ ስለዚህ በየቀኑ እዚያው ላይ አትደራርቡ። ነጭ ነጠላና ጋቢ ላይ በቀጥታ መርጨት አልመክርም፣ ቢጫ ነጥብ ይተዋል። የግድ ከሆነ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በውስጥ በኩል፣ ጥለቱን ሳይነካ።

ራሳቸው መቀመም ለሚወዱ፣ ለ30 ሚሊ ሊትር የሚሆን ልክ ይኸው፦ 27 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል፣ 1 ሚሊ ሊትር የሴዳር ዘይት፣ 0.2 የቬቲቨር፣ 1.5 የጣፋጭ ብርቱካን፣ 0.3 የሎሚ። መርፌ በሌለው የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለኩ። ቬቲቨር ወፍራም ስለሆነ ብልቃጡን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆዩት፣ አለበለዚያ ሲሪንጁ አየር ይስብና ልኩ ይዛባል። እንጨቶቹን በአልኮሉ መጀመሪያ አሟሙ፣ ብርቱካንና ሎሚውን ኋላ ጨምሩ፣ በጠቆረ የመስታወት ብልቃጥ ከድናችሁ 3 ሳምንት ጨለማ ቦታ አኑሩት። ከሰል ካለበት ክፍል አርቁት፣ አልኮሉ ይቀጣጠላል። አረቄ አይሆንም። ዳግሙም ቢሆን ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ዘይቱ ሲገባበት ወተት መስሎ ይደፈርሳል፣ ሲቆይም ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም በዚሁ ምክንያት አይበጅም። ለምድጃ ወይም ለቀለም የሚሸጥ ስፒሪት ደግሞ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፤ መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል። 3 ሳምንቱ ሲያልቅ ከመርጨታችሁ በፊት ክርናችሁ ውስጥ ጥቂት ነክታችሁ ቆዳችሁ ይቆጣ እንደሆነ 24 ሰዓት ጠብቁ።

የሎሚውን ልክ ከዚያ በላይ አታሳድጉት። ከልጣጭ የተጨመቀ የሎሚ ዘይትና ቤርጋሞት የሚባለው የሎሚ ዘመድ ዘይት ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ካገኛቸው ያቃጥላሉ፣ ወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክትም ይተዋሉ። የደጋ ፀሐይ ብርዱ ስለሚሸፍናት ቀላል ትመስላለች እንጂ ከቆላው ይልቅ ጠንካራ ናት። ብብት በሎሚ የሚያሹ ሰዎችም እጅጌ በሌለው ልብስ ፀሐይ ላይ ከመውጣታቸው በፊት በደንብ ይታጠቡት።

አቀማመጡ ላይ ሎሚው ከእንጨቱ ቀድሞ ይበላሻል፣ አየርና ሙቀት ይፈጁታል። ደብረ ብርሃን ቤት ውስጥ ብልቃጡን በካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ሮቢት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ግን ከላይኛው መደርደሪያ አውርዱት፣ ወለል አጠገብ ያለው የግድግዳ ጥግ ይቀዘቅዛል። ግማሽ የደረሰውን ቶሎ ጨርሱት፣ ውስጡ የገባው አየር በዝቷልና። ፈሳሹ ከጠቆረና መጀመሪያ የሚወጣው ሽታ የቆየ ዘይት ወይም ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከመሰለ ሎሚው ሞቷል፤ እንጨቱ ግን ደህና ከሆነ በርኖስና ካፖርት ላይ ልትጨርሱት ትችላላችሁ።