የኮቱ ቁልፍ

ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስብሰባ ስለተቀመጥንበት አንድ ጉዳይ ነበር። አሁንም አልተቋጨም። ከስብሰባው ስወጣ በራሴ ተናድጄ ነበር፤ የተናገርኩት ሌላ፣ ልናገር አስቤ የሄድኩት ሌላ። መንገዱን ሙሉ መልስ ሳሰናዳ መጣሁ። ግሩም መልስ የሚመጣልኝ ምን ጊዜም ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው።

ቤት ስደርስ ትንሿ ልጄ መጽሐፏን ታቅፋ ጠበቀችኝ። እናቷ ስለምታመሽ የማንበቡ ተራ የእኔ ነው። መጽሐፉ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ ደራሲዋ ቢያትሪክስ ፖተር ለልጅ እጅ እንዲመች ብላ ሆን ብላ ነው ያሳነሰችው። ሽፋኑ ላይ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ጥንቸል ይሮጣል፤ ፒተር ይባላል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ከእሱ ጀምሮ 23 ትናንሽ ተረቶች አሉ፤ ሽኮኮው፣ እንቁራሪቱ፣ የድመቶቹ ግልገሎች፣ ዳክዬዋ፣ ሁሉም በየራሳቸው መጽሐፍ ራሳቸውን ችግር ውስጥ ይከታሉ።

እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ ነው የማነብላት። ገና ከመጀመሪያው ተደናቀፍኩ። እናት ጥንቸል ልጆቿን ወደ ሚስተር ማክግሬገር የአትክልት ቦታ እንዳይገቡ ስታስጠነቅቅ ምክንያቱን አትደብቅም፤ አባታችሁ እዚያ አደጋ ደረሰበት፣ ወይዘሮ ማክግሬገር በሊጥ ከታ ጋገረችው። በቃ። ለቅሶ የለ፣ ማባበያ የለ፤ ወዲያው ቅርጫቷንና ጃንጥላዋን ይዛ ዳቦ ልትገዛ ትሄዳለች። እኔ ግን አንደበቴ ተያዘና «አባታችሁ ከዚያ አልተመለሰም» ብዬ አለፍኩ። ትንሿ ቀና ብላ አየችኝ። «ተበልቷል እኮ» አለች፤ የተሳሳተ ሒሳብ የምታርም መምህር መስላ።

ደራሲዋ ፖተር ግን እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት አመጣች? ልጅ ሳለች ከወንድሟ ጋር የሞቱ እንስሳትን እየቀቀለች አፅማቸውን ታጠና ነበር። ጥንቸልም አሳድጋለች፤ አንዱን በማሰሪያ ይዛ ታንሸራሽረው ነበር። ለዚህ ይመስለኛል ፒተር ኮት ለብሶም ጥንቸልነቱ የማይጠፋው፤ ከጨርቁ ሥር ያለው አጥንት የእውነተኛ ጥንቸል ነው። ተረቱ ራሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1893 የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ ታሞ ሲተኛ በጻፈችለት ደብዳቤ ነው። ምን እንደምትጽፍለት ስላላወቀች የአራት ጥንቸሎችን ታሪክ ነገረችው። (እኔ ምን እንደምጽፍ ሳላውቅ ስቀር የሚወጣልኝን ደግሞ እያያችሁት ነው።) አሳታሚዎች አንቀበልም ሲሏት በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች፤ በዓመቱ አንደኛው አሳታሚ ሐሳቡን ለውጦ አወጣላት።

ዛሬ ግን ልቤን የያዘው ኮቱ ነው። ፒተር አትክልት ቦታው ገብቶ በማክግሬገር ሲባረር አንዱን ጫማ ጎመን መሐል፣ ሌላውን ድንች መሐል ይጥላል። ጫማው ሲወልቅለት በአራት እግሩ መሮጥ ይጀምርና ይፈጥናል! ሊያመልጥ ተቃርቦ ሳለ የኮቱ ትልልቅ ቁልፎች መረብ ውስጥ ይሰነቀራሉ። የነሐስ ቁልፍ ያለው አዲስ ኮት። በር የሚከፍተውንም ኮት የሚዘጋውንም አማርኛችን ቁልፍ ይለዋል፤ ይኼኛው ባለቤቱን ሊያስበላው ነበር። ተስፋ ቆርጦ ሲያለቅስ ድንቢጦች መጥተው «በርታ» ይሉታል፤ ኮቱን ጥሎ ያመልጣል፤ ማክግሬገር ኮቱንና ጫማውን ሰቅሎ የወፍ ማስፈራሪያ ያደርገዋል። ስብሰባ ላይ ኮት ለብሶ ልሳኑ የሚዘጋ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አልነግራችሁም።

ትንሿ አንድ ብቻ አይበቃትም፤ ወደ ዳክዬዋ ወደ ጀሚማ አለፍን። እዚህ ላይ ቀበሮው ጨዋ መስሎ ነው የሚቀርባት፤ እንግሊዝኛው አንተና አንቱን አይለይም፤ እኔ ግን መምረጥ ነበረብኝ፤ ስለዚህ «እርስዎ» አስባልኩት። «እርስዎ እመቤቴ፣ እንቁላልዎን እዚህ ይታቀፉ።» እንዴት እንዳማረበት! የገዛ ሥጋዋ የሚጠበስበትን ሽንኩርትና ቅጠል እንድታመጣለት ሲጠይቃትም በአንቱታ ነው፤ እሷም ሄዳ ለቅማ ታመጣለች። በሕይወቴ ከሰማኋቸው አንቱታዎች የስንቶቹ ሽንኩርት እንደነበርኩ ስቆጥር ንባቡን አቋረጥኩ መሰለኝ፤ ትንሿ በክርኗ ጎሸመችኝ። ዳክዬዋ ትድናለች፤ ያዳኗት ቡችሎች ግን እንቁላሎቿን ይበሉባታል። ይህንንም ሳልሸፍን አነበብኩት፤ ተምሬያለሁ።

መብራቱን ላጠፋ ስል ከአንሶላው ሥር ድምፅ መጣ። «የፒተር አባት ሲያዝ ኮት ለብሶ ነበር?»

ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት፤ ስለ ልብሱ የሚል ነገር የለም። አሁን እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ የራሴን ኮት እንኳ ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ የአንድ ሟች ጥንቸል አለባበስ ያሳስበኛል። ለስብሰባው ያሰናዳሁት ያ ግሩም መልስ ምን ነበር? ጠፋብኝ።