ቀንበሩን ገልብጠው ሰቅለውታል

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። አክስቴ ዐይናቸውን ለመታከም ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ወደ እኛ ይመጡ ስለነበር ደብረ ብርሃን ላይ ልቀበላቸው ተስማምተናል። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ እያልን ስናልፍ መስኮቱ በትንፋሻችን ታፍኖ ምንም አይታይም ነበር። ሸኖ ላይ ጸሐይ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል በውርጭ ነጭቷል፤ በጎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ቆመዋል። መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትሩ አልቆ ደብረ ብርሃን ስወርድ የእግሬ ጣቶች መኖራቸውን ተጠራጠርኩ። ከተማይቱ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ የወረደ ብርሃን አይተው «ደብረ ብርሃን» አሏት ይባላል። ብርሃኑ ትንሽ ሙቀት ይዞ ቢወርድ ኖሮ ምን ነበረበት?

አክስቴ የደረሱት ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። የመንዝ መኪና ጣርማበር ላይ ነው ከደሴው መንገድ ጋር የሚገናኘው፤ ጉሙ ሾፌሩን አስቸግሮት እንደነበር ነገሩኝ። እዚያው አጠገብ ጣልያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰንጥቆ ያወጣው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሙሶሊኒ ዋሻ አለ። እሳቸው ግን ስንት ዘመን በአጠገቡ ሲያልፉ አንድ ቀን እንኳ አልገቡበትም። «ምን ልሠራ?» አሉኝ፤ «የኔ መንገድ በላይ በኩል ነው።»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደብረ ብርሃን ከሄድክ «የገጠር ጣልያን» ዓይነት ምግብ የሚያቀርበውን አንድ ምግብ ቤት ሳትቀምስ እንዳትመለስ ብሎኝ ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ ምክንያቱ በኋላ ይገባችኋል። ከበሩ ውጭ ወረፋ ነበር፤ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ከአዲስ አበባ በራሳቸው መኪና የመጡ ቤተሰቦች። ለእኛ መጠበቁ ችግር አልነበረም። የነቢያት ጾም ስለሆነ አክስቴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጥግ ያለች ጠረጴዛ አገኘንና የቀረችውን ግማሽ ሰዓት ግድግዳውን በመመርመር አሳለፍናት።

ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ወንበሮቹ ላይ ባና ተነጥፏል፤ ከጣራው ቅል ተንጠልጥሏል። በአንድ በኩል ሞፈርና ቀንበር ተሰቅሏል። አክስቴ የሚያይላቸውን ዐይን አጥብበው አዩት፣ አዩትና፦

«ቀንበሩን ገልብጠው ሰቅለውታል።»

«ለጌጥ እኮ ነው፣ እቴቴ።»

«ለጌጥስ ቢሆን፣ በሬው በየት በኩል ይገባል?»

ባናውንም በጣታቸው ፈትለው ፈትሸው የመንዝ ሱፍ አለመሆኑን አረጋገጡ። በየጠረጴዛው መካከል ደግሞ የቲማቲም ሳልሳ ቆርቆሮ እንደ አበባ ማስቀመጫ ቆሟል፤ የጣልያንኛ ጽሑፍና ቀይ ቲማቲም ያለበት ትልቁ ዓይነት። እሱን አገላብጠው አዩና ምንም ሳይሉ መለሱት።

እውነቱን ልናገርና እኔ የመጣሁት ላዛኛ ልበላ ነበር። ባልደረባዬ የነገረኝም ስለ ላዛኛው ነው። እሳቸው ፊት በጾም ሥጋና አይብ የተነባበረበት ሳህን ማዘዝ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። አስተናጋጇን የጾም ምን አለ ስላት ወጥ ቤቱን ልጠይቅ ብላ ሄደች፤ ግርግሩ ስለቀነሰ ወጥ ቤቱ ራሱ እጁን በፎጣ እየጠረገ መጣ። አዲስ አበባ አንድ የቆየ የጣልያን ምግብ ቤት ውስጥ ከሳህን አጣቢነት ተነሥቶ ሙያውን የተማረ፣ የዚሁ አገር ልጅ ነው። «እማማ፣ የጣልያን ገበሬ ምግብ ግማሹ የጾም ነው» አላቸው። ሥጋ ከየት ያመጣል? ያለው ዱቄት፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላና ጎመን ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር መረጠልን፤ «አልዮ ኤ ኦልዮ» የሚባለውን ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ያለበትን ስፓጌቲ፣ እና «ሪቦሊታ» የሚባል የቶስካና ሾርባ።

ስፓጌቲው ቆየ። ለምን እንደሚቆይ ወጥ ቤቱ በኋላ ነገረኝ፤ ከዚያ ቤት ይዤው የወጣሁት ትልቁ ዕውቀትም ይኸው ነው። ፓኬቱ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ ተብሎ የሚጻፈው ውሃ በመቶ ዲግሪ ለሚፈላበት ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ ዘጠና ዲግሪ አለፍ ሲል ይንተከተካል፤ እሳት ብትጨምርበት ይተናል እንጂ አይግልም። አዲስ አበባ የለመደውን ደቂቃ እዚህ ሲጠቀም ፓስታው መሐሉ ጥሬ እየሆነ ደንበኛ ይመልስበት ነበር። አሁን ሰዓት አያይም፤ አንዷን ዘለላ አውጥቶ ይነክሳታል። ጣልያኖቹ «አል ዴንቴ»፣ ለጥርስ፣ የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ በስሎ ግን ጥርስ የሚይዘው ሲሆን። እኛ ቤት ፓስታ እስኪላቁጥ ተቀቅሎ ያደግን ሰዎች ይህ መጀመሪያ ላይ ያልበሰለ ይመስለናል።

ነጭ ሽንኩርቱን በስሱ ከትፎ ከቀዝቃዛ ዘይት ጋር በለስላሳ እሳት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከጠቆረ ይመራል። ደቆቅ ያለ ደረቅ ቃሪያ ይጨምራል። ከዚያ ፓስታው የተቀቀለበትን፣ ዱቄቱ የወጣበትን ውሃ አንድ ጭልፋ ያፈስበትና ስፓጌቲውን ከቶ ያንገዋልለዋል፤ ውሃና ዘይት የማይዋደዱት ሁለቱ ተስማምተው ወፈር ያለ መረቅ ይሆናሉ። የወይራ ዘይቱ በዋጋው ምክንያት ጥቂት ነው፤ የቀረው ኑግ ነው። ጣልያን ቢሰማ ይቆጣ ይሆናል፤ እኔ ግን ያ የኑግ ሽታ ባይኖር ሳህኑ እንዲህ ያለ ጣዕም የሚኖረው አይመስለኝም። ያልተዋጠልኝ ሌላ ነገር ነው፤ የምግብ ዝርዝሩ ላይ ፓስታው «ከጣልያን የመጣ» መሆኑ በደማቅ ተጽፎ ይኩራሩበታል። ፓስታ የሚሠራው ከዱረም ስንዴ ነው፤ ዱረም ደግሞ የእኛ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በጥቁር አፈር ላይ ሲዘራው የኖረ እህል ነው።

ችግሩ የመጣው ሳህኑ ሲቀርብ ነው። አስተናጋጇ ይሁን ረዳቱ፣ አንዱ በልማድ አይብ ፈቅፍቆ ነስንሶበታል። አክስቴ ሹካውን ካነሡ በኋላ ቆም አሉ።

«ይህ ነጩ ምንድን ነው?»

እኔ ውሸት ሊያመልጠኝ ነበር፤ የዳቦ ፍርፋሪ ነው ልል። አላልኩም። ሳህኑ ተመለሰ፣ ወጥ ቤቱ እየተሸማቀቀ ወጣ፣ ሌላ እስኪሠራ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን። የጾም ብለው ላዘዙ ሰው አይብ መነስነስ በታኅሣሥ ወር፣ በደብረ ብርሃን፣ ይቅር የሚባል ስሕተት አይደለም፤ ቤቱን ያልጠራሁትም ለዚህ ነው። ወጥ ቤቱ ነገሩን ለማብረድ ስለ አይቡ ማውራት ጀመረ። ሮማውያን በዚህ ዓይነት ፓስታ ላይ የሚፈቀፍቁት «ፔኮሪኖ» ከበግ ወተት የሚሠራ ነው አለ።

«ከምን?» አሉ አክስቴ።

«ከበግ፣ እማማ። በግ ያልባሉ።»

ሲስቁ እንባቸው መጣ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከበግ ጋር የኖሩ ሴት ናቸው፤ ሱፉን ሸልተዋል፣ ፈትለዋል፣ ለምዱን ለብሰዋል፣ ሥጋውን በልተዋል። ማለብ ግን! «ግልገሉስ ምን ይብላ?» ሲሉ ወጥ ቤቱ መልስ አልነበረውም።

ሾርባው ላይ ግን ተሸነፉ። ሪቦሊታ «እንደገና የፈላ» ማለት ነው፤ የትናንት የባቄላና የጎመን ሾርባ ውስጥ የደረቀ ዳቦ ተፈትፍቶ ዛሬ ደግሞ ይፈላል። አክስቴ አንድ ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ፍትፍት እኮ ነው።»

«ነው።»

«የደረቀ ዳቦ ነው ደግሞ።»

«እሱም ነው።»

ዋጋውን በዝርዝሩ ላይ አንብቤ ስነግራቸው፣ ያደረ ዳቦ ሲጥሉ የኖሩትን ዘመናዊ ዘመዶቻችንን አንድ በአንድ እየጠሩ ወቀሱ።

ሻይ ስንጠጣ ቆርቆሮውን እንደገና አነሡት። «ይህ እኛ ቤት ነበረ» አሉ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ፤ በረሃ ላይ ከጠላት ጓዝ የማረኩትን ባዶ ቆርቆሮ ይዘው ገቡ፤ እናታቸው የጎመን ዘር ያስቀምጡበት ነበር። ጣልያኑ ቲማቲሙን በልቶት ይሁን አባታቸው፣ አይታወቅም። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «ዘረት» አሉ። በሚያዝያ 1931 የጣልያን ጦር መንዝ አካባቢ በሚገኘው የዘረት ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት ላይ የመርዝ ጋዝ ተጠቅሞ፣ ከዚያም የተረፉትን ፈጅቷል። ቤተሰባቸው ከዋሻው አልነበረም። ለቅሶው ግን ቤታቸው ድረስ መጥቷል፤ አክስቴ ያኔ አልተወለዱም፣ እናታቸው ሲያለቅሱ ነው የሰሙት።

«ይህን የበላ ሰው ነው ያን የሠራው?» አሉኝ ወደ ሾርባው ሳህን እያመለከቱ።

ወታደሮቹ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች እንደነበሩ ልነግራቸው አሰብኩ። መልስ ይሆናል ብዬ ስላላመንኩ ተውኩት። እሳቸውም አልጠበቁኝም፤ አስተናጋጇን ጠርተው ቆርቆሮውን ይሸጡት እንደሆነ ጠየቁ። ልጅቱ ወደ ውስጥ ገብታ ታጥቦ የደረቀ፣ ክዳን የተበጀለት ሌላ ይዛ መጣች። ለአይቡ ካሣ መሆኑ ነው መሰለኝ፤ ገንዘብ አልተቀበለችም። ስንወጣ አክስቴ ቀንበሩን በምርኩዛቸው እያሳዩ አስተካክሉት አሏት፤ እሺ እማማ አለች።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ ያዝን። ጫጫን አልፈን ሸኖ ስንደርስ ጸሐይ ልትጠልቅ ነው፤ የቅቤ ሻጮቹ ሴቶች ገና አልተነሡም። አክስቴ ሾፌሩን አስቆሙት። እናቴ የሸኖ ቅቤ ለገና ካላገኘች ዓመቱን ሁሉ እንደምታነሣው ያውቃሉ። ቅቤውን በጣታቸው ነክተው፣ አሽተው፣ አሽትተው፣ ሦስተኛዋ ሴት ጋ ተስማሙ። ሳይቀምሱ መግዛታቸው ከበዳቸው፤ እኔን ቅመስልኝ እንዳይሉኝም ጾም ነው። በአፍንጫቸው አምነው ቆርቆሮውን እስከ አፉ አስሞሉት።

ከዚያ እስከ ላምበረት ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ሄዱ። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ክዳኑን በሁለት መዳፋቸው ይጫኑታል።