ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት

የስልክ አስተርጓሚ ነኝ፣ ቨርጂንያ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሄድሴት ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የምውለው። ከሆስፒታልም ከትምህርት ቤትም ይደወላል፣ በ2023 መጨረሻ ግን አብዛኛው ጥሪ ከድንበር ነበር። በፈረንጅ ዲሴምበር 2023 ብቻ በሜክሲኮ በኩል ድንበር ጠባቂዎቹ የያዙት ሰው 250 ሺህ ገደማ ነው፣ ከነሱ ውስጥ የኛም ልጆች ነበሩ፣ ብራዚል ድረስ በአውሮፕላን ከዛ በፔሩ በኮሎምቢያ አድርገው ዳሪየን የሚባለውን ጫካ በእግር አቋርጠው የሜክሲኮ ደቡብ ከተማ ታፓቹላ የሚደርሱት።

ያኔ የተረጎምኩለት አንድ ሰው አለ፣ የታሪኩን ዝርዝር ቀይሬዋለሁ፣ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለብን። ሰዓቱን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ ምክንያቱም ጉዳዩ ራሱ ሰዓቱ ነው።

ክሬዲብል ፊር የሚሉት ኢንተርቪው ነበር። ከ1996 ጀምሮ ባለው ሕግ ድንበር ላይ የተያዘ ሰው ጀጅ (ዳኛ) ፊት ሳይቀርብ በፍጥነት ሊመለስ ይችላል፣ አገሬ ብመለስ አደጋ ይደርስብኛል ካለ ግን መጀመሪያ የአሳይለም (የጥገኝነት) ኦፊሰር ያነጋግረዋል። ኦፊሰሯ አንድ ቦታ፣ ሰውየው ድንበር ላይ የስልክ ክፍል ውስጥ፣ እኔ ቤቴ፣ ሦስታችንም አንተያይም። ገና ስንጀምር «እህቴ እባክሽ በደንብ ንገሪልኝ» አለኝ። እሱንም መተርጎም አለብኝ፣ የተባለ ነገር ሁሉ ይተረጎማል፣ ተረጎምኩት።

ለቀኑ ስድስተኛ ጥሪዬ ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል። በሩን የሰበሩበትን ሌሊት ሲናገር «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የመጡት» አለ፣ እኔም አፌ ቀድሞ «ናይን ፒኤም» ብሎ ወጣ፣ በኛ ማታ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ሳላውቀው አለፍኩ። ኪቦርዷ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

ቀጠለ፣ በጓሮ ዘሎ ጎረቤት ቤት ሦስት ሰዓት እንደተደበቀ፣ ከዛ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶብስ እንደያዘ ተናገረ። አስራ ሁለቱን በትክክል ሲክስ ኤኤም አልኩ። ኦፊሰሯ ትንሽ ዝም አለችና «ማታ ዘጠኝ መጡ ብለሃል፣ ሦስት ሰዓት ተደበቅኩ ብለሃል፣ አውቶብሱ ጠዋት ስድስት ነው፣ ቀሪውን ስድስት ሰዓት የት ነበርክ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ልክ ነው፣ እሷ ያላት ቁጥር ይሄ ነው። እኔ ግን ወደ አማርኛ ስመልሰው ያቺ «ማታ ዘጠኝ» አፌ ላይ ቀረች። ሰውየው ግራ ገብቶት «የምን ስድስት ሰዓት? ሌሊት ዘጠኝ አይደል እንዴ ያልኩት» አለ፣ ድምፁ ተቀየረ፣ እየዋሸህ ነው የተባለ መሰለው።

እውነቱን ልናገር፣ ለሦስት አራት ሰከንድ ዝም አልኩ። ስህተቴን ብናገር ሪፖርት ይደረግብኛል፣ ጥሪ ይቀነስብኛል፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ይሄ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። ከዛ በደንባችን መሠረት ስለ ራሴ በሦስተኛ ሰው «አስተርጓሚዋ ስህተቷን ማረም ትፈልጋለች» ብዬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሌሊት ዘጠኝ ማለት ስሪ ኤኤም እንደሆነ፣ ያሳሳትኩትም እኔ እንጂ እሱ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ለሱም በአማርኛ ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት። ኦፊሰሯ ሁለቴ አስደገመችኝና እርማቱ ኖቱ ውስጥ እንዲገባ አደረገች፣ አመሰግናታለሁ።

ለምን ይሄን ያህል እንደከበደኝ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ፋይሉ ውስጥ የሚገባው የሰውየው ድምፅ አይደለም፣ ኦፊሰሩ በእንግሊዝኛ የጻፈው ነው። ያ «ሌሊት ዘጠኝ» የሚለው አማርኛ የትም አይገኝም። ሰውየው ኢንተርቪውን ቢያልፍ ከዓመታት በኋላም ፍርድ ቤት ሲቀርብ የመንግሥት ጠበቃው ያንን ወረቀት አውጥቶ ከምስክርነቱ ጋር ያስተያየዋል፣ በ2005 በወጣው ሪል አይዲ አክት በሚሉት ሕግ ደግሞ ጀጁ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ባልሆነች ትንሽ ልዩነትም ጭምር ሰውየውን አላምነውም ማለት ይችላል። ገና ኢንተርቪውን ከወደቀ ደግሞ ጀጅ አንዴ ሊያይለት ይችላል እንጂ ከዛ በላይ ይግባኝ የለም።

እኔ ድንበር ይከፈት ከሚሉት አይደለሁም። በዲቪ ነው የመጣሁት፣ ወረፋ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አገር ማን እንደሚገባ የማወቅ መብት አለው። ተጠንቶ የመጣ ታሪክም ሰምቻለሁ፣ አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲናገር። ቅዳሜ ቡና ላይ ዘመዶቼ ሲከራከሩ ግን፣ አንዱ «ሁሉም ውሸታም ነው» ሌላው «ሁሉም ይግባ» ሲሉ፣ ሁለቱም ስለ አጥሩና ስለ ቁጥሩ ነው የሚያወሩት፣ እውነተኛው ከውሸታሙ ስለሚለይበት ስለዛ ስልክ ማንም አያነሳም። ፖለቲከኞቹም እንደዛው ፍጥነት ላይ ነው ያሉት። ሰው ኢንተርቪው ከመግባቱ በፊት ጠበቃ የሚያማክርበት ጊዜ በ2023 ወደ 24 ሰዓት ወረደ፣ በጁን 2024 ወደ 4 ሰዓት። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ደግሞ የትራምፕ አስተዳደር ድንበር ላይ አሳይለም መጠየቁን ራሱ ዘጋ፣ በሲቢፒ ዋን፣ ድንበር ላይ ለመቅረብ ቀጠሮ በሚያዝበት የስልክ አፕ፣ ቀጠሮ ይዘው የነበሩት ሰዎች ቀጠሮ በዛው ቀን ተሰረዘ። ውሸቱን መያዝ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በደንብ መስማት አለበት ነው የምለው፣ እየተቻኮለ የሚሰማ ውሸታሙን ያሳልፋል እውነተኛውን ይመልሳል፣ ይሄን በጆሮዬ ነው ያየሁት።

ከዛ ቀን ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት መስመር የተሰመረበት ወረቀት አለ፣ በግራ የኛ ሰዓት በቀኝ የነሱ፣ ሰዓት በተጠራ ቁጥር ሁለቱንም ሳልጽፍ አፌን አልከፍትም፣ ካልገባኝም «አስተርጓሚዋ ማጣራት ትፈልጋለች» እላለሁ። ነሐሴ 2012 ሲባልም በፈረንጅ 2020 እንደሆነ እዛው ነው የምጽፈው። አዲስ የሚገቡ ልጆችን ሳሰለጥንም መጀመሪያ የማሳያቸው ይቺን ወረቀት ነው።

ኢንተርቪው ያለባችሁ ደግሞ እባካችሁ ሰዓት ስትናገሩ «ሌሊት ዘጠኝ፣ ዶሮ ሊጮህ ሲል»፣ «ማታ ሁለት፣ ራት ሰዓት ላይ» እያላችሁ ጨምሩበት። መጨረሻ ላይ ኦፊሰሩ ያላችሁትን ጠቅለል አድርጎ ሲያነብላችሁ ደክሟችሁም ቢሆን አዎ አዎ ብላችሁ አትለፉት፣ ቁጥሩ ጋ ሲደርስ አስቁሙት።