ደቅስዮስን ይዤ ወደ ማድሪድ፦ በሜዲትራኒያን ባህል ዐውደ ጥናት ላይ ጽሑፍ ማቅረብ ለሚያስብ ሰው

በሰኔ 2016 ዓ.ም. በማድሪድ ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ የመካከለኛውን ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ዘመን የሜዲትራኒያን ባህል በሚመረምር ዐውደ ጥናት ላይ ጽሑፍ አቅርቤ ተመልሻለሁ። እንዲህ ያሉ ጉባኤዎች በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት ይካሄዳሉ፤ ጥሪዎቻቸውም ስለ ቋንቋዎች መገናኘት፣ ስለ መጻሕፍት ዝውውርና ስለ ሃይማኖቶች ጉርብትና ስለሚናገሩ በግዕዝ መዛግብት ላይ የሚሠራ ሰው ለእርሱ የተጻፉ ይመስሉታል። ከማመልከቻው እስከ ወጪ ማካካሻው ድረስ ምን እንደሚጠብቀኝ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቀጥለው ለሚያመለክቱት ይህን መጻፍ ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው የጥንት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ርእሴ የተአምረ ማርያም የመጀመሪያው ተአምር ነበር። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፦ በጥልጥልያ ሀገር ደቅስዮስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ ነበረ፤ እመቤታችንን ከመውደዱ የተነሣ የተአምሯን መጽሐፍ አዘጋጀ፤ የብሥራትን በዓል ታኅሣሥ 22 ቀን እንዲከበር አደረገ፤ ስለዚህም ከእጇ ልብስና ወንበር ተቀበለ። ከእርሱ በኋላ የተሾመው ግን ያልተሰጠውን ልብስ ለብሶ በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወድቆ ሞተ። ይህች ጥልጥልያ የስፔኗ ቶሌዶ ናት፤ ኤጲስ ቆጶሱም ከ657 እስከ 667 ድረስ በቶሌዶ መንበር የተቀመጠው ኢልዴፎንሶ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ስፔናዊ ባለቅኔ ጎንሳሎ ዴ ቤርሴዮ ያዘጋጀው የእመቤታችን ተአምራት ስብስብም የሚጀምረው በዚሁ ታሪክ ነው። የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ባስጻፋቸው የማርያም መዝሙራት ውስጥ ደግሞ ሁለተኛው ስለ እርሱ ይናገራል። የበዓሉ ቀን እንኳ ልክ ነው። በ656 የተደረገው 10ኛው የቶሌዶ ጉባኤ፣ መጋቢት ላይ የሚውለው በዓል ከጾምና ከፋሲካ ጋር ስለሚጋጭ ከልደት ስምንት ቀን አስቀድሞ፣ ታኅሣሥ ውስጥ እንዲከበር ወስኗል፤ ይኸውም በዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 18 ነው። ዲሴምበር 18 በእኛ ታኅሣሥ 22 ነው። የቶሌዶ ውሳኔ በስፔን የታወቀ በዓል ሆኖ ሲኖር፣ በኢትዮጵያም በዚያው ቀን እስከ ዛሬ ይከበራል።

መንገዱም በጥናት የታወቀ ነው። እነዚህ ተአምራት በ12ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ተሰበሰቡ፤ ወደ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ተሻግረው ወደ ዐረብኛ ተተረጎሙ፤ በግብፅ በኩል አልፈው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ወደ ግዕዝ ተመለሱ። በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበቡ ያደረገው ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በየደረጃው አዳዲስ ታሪኮች ገቡ፤ ከደማስቆ አጠገብ ያለችው የጼዴንያ ሥዕል ታሪክ፣ መስቀላውያንም ሙስሊሞችም ሲሳለሟት የኖረችው፣ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እኛም መስከረም 10 እናስባታለን። ሜዲትራኒያንን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ መጽሐፍ ፈልግ ብባል ከዚህ የተሻለ አላገኝም።

ስለ ተለመዱት ደረጃዎች ብዙ አልናገርም። ለጥሪው የሚላከው የጽሑፉ ማጠቃለያ በ300 ቃላት ይጻፋል። ቪዛው የግብዣ ደብዳቤ፣ የሥራ ቦታ ማረጋገጫና የባንክ መግለጫ ይጠይቃል፤ ቀጠሮውን ቀደም ብሎ መያዝ ብቻ ነው። የብራና ፎቶ ለማግኘት ገዳማትን ማስቸገር አያስፈልግም፤ በኢትዮጵያ የብራና ማይክሮፊልም ፕሮጀክት የተነሡት መጻሕፍት በሚኔሶታ በሚገኘው በሂል ሙዚየም በኩል በኢንተርኔት ይነበባሉ፤ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው የተአምረ ማርያም ፕሮጀክትም ከ1000 በላይ ታሪኮችን ለይቶ መዝግቧል። ፈቃድ ለሚጠይቁበት ጊዜ ሁሉ ግን ከፎቶው ጋር የመጽሐፉን ቁጥር መያዝ አይርሱ።

ያስመረረኝ ነገር የመጣው ማጠቃለያዬን በቅድመ ሁኔታ ከተቀበሉት በኋላ ነው። የአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጽሑፉ “ከሜዲትራኒያን ጋር ያለው ግንኙነት” በግልጽ እንዲብራራ ጠየቀ። በመጀመሪያው መስመር ቶሌዶን የጠራ ማጠቃለያ ነው ይህን የተጠየቀው። ስለ ሲሲሊ፣ ስለ ቬኒስ ወይም ስለ ቆጵሮስ ያመለከቱ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳልደረሳቸው ቆይቼ ከራሳቸው ሰምቻለሁ።

በቅንነት መለስሁ። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ከፍሎረንሱ ሰው ከአንቶኒዮ ባርቶሊ ጋር ቬኒስ መግባታቸውን፤ ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ፊት መቆማቸውን፤ በ1450 የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መልእክት በሲሲሊያዊው በፒዬትሮ ሮምቡሎ እጅ ኔፕልስ ወደ ነበረው ወደ አራጎኑ ንጉሥ ወደ አልፎንሶ 5ኛ መድረሱን፤ በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መኖራቸውን፤ ከዚሁ ማኅበር ተምሮ ዮሐንስ ፖትከን በ1513 የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትን ማሳተሙን፤ አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በሮም ማውጣታቸውን ዘርዝሬ ላክሁ። እያንዳንዱ ሰነድ ያለው፣ በአውሮፓም መዛግብት የሚገኝ ነው።

የመጣው መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ዝርዝሩ እጅግ እንደማረካቸው ገለጹና፣ እንግዲያው ደቅስዮስን ትቼ ስለ መልእክተኞቹ ብጽፍ እንደሚሻል መከሩኝ። ኢትዮጵያ ወደ ሜዲትራኒያን ታሪክ የምትገባው የአውሮፓ ንጉሥ ወይም ጳጳስ በር ስታንኳኳ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ በዚህ ምክር ውስጥ ተቀምጧል። መልእክተኛ መጥቶ ይሄዳል፤ የቬኒስ ጸሐፊ ስጦታውን ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከእነርሱ ባሕር ውጭ ነው። የቶሌዶ ኤጲስ ቆጶስ በጎጃምና በሸዋ ቤተ ክርስቲያኖች ስሙ ከ600 ዓመት ያህል ሲነበብ መኖሩ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከማንኛውም መልእክት የጠለቀ ግንኙነት ነው፤ ማንም ላኪ ሳይልከው መጥቶ የኖረ ነውና።

ሁለተኛው ምክራቸው ግዕዙ ከዐረብኛ የተተረጎመ ስለሆነ በዐረብኛው ላይ እንዳተኩር ነበር። ይህን የጻፈው ሰው የግዕዙን ታሪክ አንብቦ ቢሆን ኖሮ የጽሑፌ ፍሬ ነገር የት እንዳለ ያየው ነበር። በላቲኑና በስፔኑ ቅጂ ኢልዴፎንሶ የሚመሰገነው ስለ እመቤታችን ድንግልና ስለ ጻፈው ድርሰት ነው፤ ይህ ድርሰት በእርግጥም የእርሱ ነው፣ ዛሬም አለ። በእኛው ግን ደቅስዮስ የሚመሰገነው የተአምሯን መጽሐፍ ስለ ሰበሰበ ነው። በምሥራቁ መንገድ ላይ ታሪኩ ተለውጦ፣ የሚነበበው መጽሐፍ ራሱ ከየት እንደ መጣ የሚናገር መቅድም ሆኗል፤ ስለዚህም ከሁሉ ተአምር በፊት ይቆማል። ተከታዩ ኤጲስ ቆጶስ እንኳ የሚሞትበት መንገድ ተለይቷል፦ በቤርሴዮ ልብሱ አንቆ ይገድለዋል፤ በግዕዙ ከወንበሩ ወድቆ ይሞታል። ይህን ሁሉ “ዘግይቶ የመጣ ትርጉም” ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ታሪኩ ዛሬም ታኅሣሥ 22 ቀን መነበቡን የሚናገረውን አንቀጽ እንዳወጣ ነበር፤ የዛሬው ልማድ የታሪክ ጉባኤ ጉዳይ አይደለም ተባልሁ። በዚህ መካከል የወጣው ረቂቅ መርሐ ግብር ጽሑፌን “ሩቅ ድንበሮች” በሚል ርእስ ሥር፣ በመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ አስቀመጠው። ጉባኤው ከሚካሄድበት አዳራሽ ቶሌዶ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው።

ከዚህ በኋላ መከራከር አቆምሁ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ አድርጌ፣ በግራ የቤርሴዮን የመጀመሪያ ተአምር ዋና ዋና ነጥቦች፣ በቀኝ የግዕዙን፣ በፊደላችን ከነትርጉሙ አሰፈርሁ፤ ከግርጌ የ656ቱን ውሳኔና ታኅሣሥ 22ን ጎን ለጎን ጻፍሁ፤ አንድም የማብራሪያ ዓረፍተ ነገር ሳልጨምር ላክሁት። ርእሱ በቀረበበት መልክ ጸደቀ። የምድቡን ስም ለመለወጥ ግን ፈቃደኞች አልሆኑም፤ ጽሑፌንም የጀመርሁት ይህ ስም ለቶሌዶ እንደማይስማማ በጨዋ ቃል በመግለጽ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ከጥሪው መመሪያ ጋር የሚቃረን ነው። መመሪያው ማጠቃለያው ሰፊውን የንድፈ ሐሳብ ክርክር እንዲያነሣ ይጠይቃል። ተዉት። ሰፊ ክርክር ውስጥ ስትገቡ ኢትዮጵያ ትገባለች ወይስ አትገባም የሚለው ክርክር ይጀመራል፤ ዳኞቹም እነርሱ ናቸው። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ሥዕል ወይም አንድ በዓል ይዛችሁ፣ ሁለቱን ጫፎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ከ1480 ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ ስለኖረው፣ መርቆሬዎስ ስለተባለው የቬኒስ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚጽፍ ሰው ከሥዕሉ ይጀምር፤ ከንጉሡ ደብዳቤ አይጀምር። ደግሞም የመልእክተኞቹን ዝርዝር ሳይጠየቅ አይላክ፤ ትኩረቱን ሁሉ ወደ እርሱ ይወስድና የያዛችሁትን ያስጥላችኋል። በየትኛው ምድብ እንደምትቀርቡም የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

በጉባኤው ላይ አስተያየት ሰጪ ሆኖ የተመደበው ምሁር ማጠቃለያውን እንጂ አስቀድሞ የተላከለትን ሙሉ ጽሑፍ እንዳላነበበ ከንግግሩ ግልጽ ነበር፤ አሥር ደቂቃውን የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን በሩቅ ሀገር ይነግሣል ብለው ስላመኑበት ክርስቲያን ንጉሥ፣ ስለ ዮሐንስ ቀሲስ አፈ ታሪክ ተናግሮ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ግን የስፔን ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ አንዲት ፕሮፌሰር እጃቸውን አነሡና ታሪኩ ዛሬም ይነበብ እንደሆነ ጠየቁኝ። አውጣው የተባልሁት አንቀጽ በእጄ ነበር፤ አነበብሁላቸው። ውይይቱ ከተመደበለት ሰዓት አልፎ ሄደ፤ ስለ ግዕዙም፣ ስለ ዐረብኛውም፣ ስለ በዓሉም ተጠየቅሁ። በሥራዬ ዘመን እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ይህን እወቁ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወጪን የሚከፍሉት ከጉባኤው በኋላ በደረሰኝ ነው። ትኬቴን አዲስ አበባ በብር የገዛሁት ጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ በዩሮ ባበደረኝ ገንዘብ ነው፤ ዩሮው በባንክ ሲመነዘር የቀድሞው ተመን ነበር የሚሠራው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ተደረገ፤ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ክፍል ወረቀቴን ያየው በመስከረም ነበር፤ የብሩን ደረሰኝ ወደ ዩሮ የለወጠውም በመስከረም ተመን ነው። ከተበደርሁት የተመለሰው ግማሽ ያህሉ ነው። ትኬቱ በተገዛበት ቀን ተመን ይሰላልኝ ብዬ ሕጋዊውን የባንክ ደረሰኝ አያይዤ ጻፍሁ፤ የተሰጠኝ መልስ ደንቡ ይህ ነው የሚል ብቻ ነበር። ቅጻቸው ደግሞ አይባን የሚባለውን የሂሳብ ቁጥር ካልሞሉበት አያልፍም፤ የኢትዮጵያ ባንኮች ይህን ቁጥር አይጠቀሙም። በብዙ ደብዳቤ ነው በአክስቴ ልጅ ሂሳብ ለመክፈል የተስማሙት። ስለዚህ መመሪያው ደረሰኝ ሰብስቡ ቢልም፣ እኔ የምለው ትኬቱን ዩኒቨርሲቲው በራሱ የጉዞ ወኪል ይቁረጥ ነው። እምቢ ካሉ የምንዛሪው ቀን የትኛው እንደሚሆን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንግዳ ጋብዞ ዕዳ ማሸከም ነው ነውሩ።

አሁን አዘጋጆቹ ጽሑፎቹን በአንድ መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። የእኔንም ጠይቀውኛል። የግዕዙ ንባብ በላቲን ፊደል ብቻ ሳይሆን በራሱ ፊደል እንዲታተም፣ የታኅሣሥ 22ቱ አንቀጽ እንዳይነካ፣ ምዕራፉም “ሩቅ ድንበሮች” በሚል ክፍል ሥር እንዳይገባ ጠይቄያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተቀብለዋል፤ በሦስተኛው ላይ ገና እየተጻጻፍን ነው፤ እስኪስማሙም የመጨረሻውን ቅጂ አልልክም።