ቲንግቬትሊር፦ የቴክቶኒክ ፕሌት ድንበርን ለማየት የሚሄዱ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ

አይስላንድ ውስጥ ወደ ቲንግቬትሊር ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው ሁሉ «ድንበሩ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሰሜን አሜሪካና የዩራሺያ ፕሌቶች (የምድር ቅርፊት ግዙፍ ቁራሾች) የሚለያዩት እዚህ አካባቢ ነው፤ አንድ መስመር ግን የለም። ድንበሩ ኪሎ ሜትሮች የሚሰፋ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ምዕራባዊ ጠርዙ አልማናግያው፣ ምሥራቃዊው ደግሞ ህራፕናግያው ይባላል። አንዱን ብቻ ያየ ግማሹን ነው ያየው።

ከላይ፣ ከሃኪድ መመልከቻ ጀምሩ። ከታች የሚነሳ ሰው የሚያየው ገደል ብቻ ነው፤ ከላይ ግን የሸለቆው ወለል ምን ያህል እንደሰመጠ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ በአልማናግያው ውስጥ ስትወርዱ ግድግዳዎቹን አወዳድሩ። የምዕራቡ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ የምሥራቁ አጠር ይላል፣ አናቱም ወደ ሸለቆው ያዘነብላል። ሁለቱም ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የአንድ ላቫ ንጣፍ አካል ነበሩ። መሬቱ ሲለጠጥ ንጣፉ ተሰነጠቀ፣ የምሥራቁ ወገን ሰመጠ። መስመጡ አብዛኛውን የሚሆነው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ አይደለም፤ ውጥረቱ ለረጅም ዘመን ተጠራቅሞ በድንገት ይለቀቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወለሉ ከ1 ሜትር በላይ ወርዶ በሸለቆው ያለው ሐይቅ የዳሩን መሬት ዋጠው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር» ሁለቱ ፕሌቶች በጠቅላላው የሚለያዩበት መጠን ነው። በደቡብ አይስላንድ መለያየቱ ለሁለት ቀጠናዎች ይከፈላል፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ከዚህ በስተምሥራቅ ያለው ነው። በመካከላቸው ህሬፓር የተባለ ትንሽ ፕሌት አለ። ስለዚህ «አንድ እግር አሜሪካ፣ አንድ እግር አውሮፓ» የሚባለው ፎቶ ቢያምርም ትክክል አይደለም።

ሲልፍራ በተባለው ስንጥቅ ውስጥ መዋኘት የሚፈልግ ድራይ ሱት (ውኃ የማያስገባ የጠላቂ ልብስ) ቢለብስ ይሻለዋል፤ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከሥር ጥጥ አይለበስም፤ ላብ ይይዝና ያበርዳል፤ ሱፍ ይሻላል። ሰዓትና ቀለበት አስቀድማችሁ አውልቁ፤ የእጅ አንጓውን ጎማ ከቀደዱት ውኃ ይገባል። ጓንቱና የራስ መሸፈኛው ግን ውኃ ያስገባሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው። ውኃ ውስጥ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ያዙ እንጂ አትቅዘፉበት፤ እግር ይበቃል።

በአይስላንድ የብርድ ወቅት መንገዱ በረዶ ይጋግራል፤ ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ ያስፈልጋል። በየትኛውም ወቅት ከመንገድ አትውጡ፦ የድንጋይ ሽበቱ (ሞስ) ጠባብና ጥልቅ ስንጥቆችን ይሸፍናል፣ አንዴ ከተረገጠ ደግሞ እስኪያገግም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።